በአረንጓዴ ክር የተሰፋው ደብተር

ጋሽ ደምሴ የተቀበሩ ዕለት ልደታ ማርያም ግቢ ውስጥ ማን የት ቆሞ እንደነበር አስታውሳለሁ። የእህታቸው ልጅ ሰብለ ከመቃብሩ ራስጌ ነበረች፤ በእጇ ጥቁር ፌስታል ይዛለች። የዕድሩ ዳኛ ከጎኗ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። ካህናቱ በስተምሥራቅ። የአብነት ሰፈር ጎረቤቶች ከዛፎቹ ሥር። ውድነሽ በስተግራዬ ሆና ክንዴን ይዛኛለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ነው እንጂ ሐዘን አድክሟት አይደለም። ከማል በላይኛው በር አጠገብ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ብቻውን ቆሟል። የማያውቀው ሰው ሙስሊም ስለሆነ ነው ያልገባው ብሎ አስቦ ይሆናል። የሰፈሩ ሌሎች ሙስሊሞች ግን ከዛፎቹ ሥር ከጎረቤቱ ጋር አብረው ቆመው ነበር።

ሰው እንዲህ መቁጠር ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋዜጣ ላይ የስብሰባ ፎቶግራፍ ሲወጣ ጽሑፉን ከማንበባችን በፊት ማን ከማን ጎን እንደቆመ ያስቆጥሩን ነበር። ቀጥሎ ያለፈውን ሳምንት ፎቶግራፍ ከጎኑ ያኖሩና «ማን ጎደለ?» ይላሉ። ከጽሑፉ ይልቅ የጎደለው ሰው ይበልጥ ዜና ነው ባይ ነበሩ።

ያወቅኳቸው በደርግ ጊዜ ነው፤ ከሽብሩ ዓመታት በኋላ፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሲያወራ በሩን መለስ ማድረግ በለመደበት ጊዜ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ጊዜያዊ ሠራተኛ ሆኜ ነበር። ቋሚ ለመሆን የመንግሥት ፈተና ማለፍ አለብኝ፤ ካላለፍኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ አልጋ ላይ ናት። ከእኔ ሌላ ወደ ቤት የሚያስገባ ሰው አልነበረም።

አማርኛውና ሒሳቡ አላስፈራኝም። ሰው የሚወድቀው «የአገር ውስጥና የውጭ ወቅታዊ ጉዳዮች» በሚባለው ክፍል ነው። የሒሳብ መልስ ዛሬም ነገም ያው ነው። ይኼኛው ግን ጥያቄው ሳይለወጥ መልሱ ይለወጣል። ኮሚሽኑን የሚመራው ማን ነው? የጎረቤት አገር መሪ ማዕረግ ምንድን ነው? ትናንት ያጠናሽው ዛሬ ስሕተት ነው፤ አንዳንዱም ከስሕተት የባሰ ነው።

ጋሽ ደምሴ በአንድ መሥሪያ ቤት ፈተና ክፍል ሲሠሩ ኖረው ያለ ዕድሜያቸው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ለምን እንደወጡ አይናገሩም። አብነት ውስጥ ከአንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሥራ መልስ፣ ሦስታችንን ያስጠኑን ነበር፤ እኔን፣ አብሮ አደጌን ውድነሽንና ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ልጅ የሆነውን ከማልን። ምንም አይቀበሉንም። ውድነሽን ያሳሰባት መጀመሪያ ይኼ ነበር።

«በነጻ!» አለችኝ አንድ ቀን ስንመለስ። «ሳሙና እንኳን በቀበሌ ሰልፍ በሚገኝበት ዘመን፣ ሰውዬው በነጻ ሲያስተምሩን አይገርምሽም?»

«ብቸኛ ሰው ናቸው።»

«ብቸኛ ሰው ድመት ያሳድጋል። ሦስት ሰው ሰብስቦ ደብተር አይቀበልም።»

የደብተሩ ነገር እንዲህ ነው። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ደብተር አዘጋጅተውልናል። ሽፋኑ ላይ ስም አይጻፍም። ጀርባውን በመርፌ ሰፍተው የክሩ ቀለም ነው የሚለየው፤ የውድነሽ ቀይ፣ የከማል ጥቁር፣ የእኔ አረንጓዴ። ደብተሩ ከዚያች ክፍል አይወጣም። ጨርሰን ስንነሣ ይሰበስቡትና ሳጥን ውስጥ ከትተው ይቆልፋሉ። አንዳንድ ጊዜ በሚቀጥለው ስንመጣ ከመካከሉ ገጽ ጎድሎ እናገኛለን። በምላጭ ነው የሚቆርጡት፤ እጅግ አጥርተው ስለሚቆርጡት የነበረውን የማያስታውስ ሰው አንድም ነገር አይጠረጥርም።

«ምን ወሰዱብን?» አለ ከማል፣ መጀመሪያ ባየን ቀን።

«ያረጀውን» አሉ።

«ጋሼ፣ የጻፍነው ዓርብ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ወቅታዊ ጉዳይ እንደ ወተት ነው፣ ልጄ። ያደረውን ያቀረብክለት እንግዳ ይታመማል።»

ቀጭን፣ ረዥም፣ አንገታቸው ላይ ግራጫ ሻርፕ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ሲናገሩ የቀጥቃጩን መዶሻ ይጠብቃሉ። መዶሻው ሲመታ ያስተምራሉ፤ ሲቆም እሳቸውም ቃሉን ሳይጨርሱ ያቆሙና መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ቀጥቃጩ ሻይ ሊጠጣ ከወጣ ትምህርት የለም ማለት ነው። ተቀምጠን በሩ ላይ ያለውን መጋረጃ እናያለን።

«የላይኛው ቮልታ መሪ ማዕረግ?»

«የትናንቱ ነው ወይስ የትናንት ወዲያው?» ይላል ከማል።

«የዛሬ ጠዋቱ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ለምን ሳይገለበጡ የሚያድሩ መሪዎች ያሏቸውን አገሮች ብቻ አናጠናም? ደብተርም እንቆጥባለን።»

መዶሻው ቆሞ ስለነበር ጋሽ ደምሴ ዝም አሉ። እንደገና ሲጀምር «ያኔ የምታጠናው ታጣለህ» አሉት፤ ያን ጊዜ ብቻ ፈገግ አሉ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። መጀመሪያ ሥልጣኑን ጻፉ፣ ስም የመጨረሻ ነው። የፈተናው ዕለት ጠዋት ሬዲዮ ሳትሰሙ ስም አትጻፉ። ካልሰማችሁ ባዶውን ተዉት፤ ባዶ ቦታ አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚያሳጣው ይላሉ። «አንድ ልጅ የትናንቱን ስም ጽፎ አይቻለሁ» አሉን አንድ ዓርብ።

«ምን ሆነ?» አለች ውድነሽ።

«ወረቀቱን ያረምኩት እኔ ነኝ» አሉና ሬዲዮኑን ከፈቱ።

መንገድ ላይ ስለዚህ ነገር ሦስት ቀን አወራን። አርመው ምን አደረጉት? ለማን ሰጡት? ከማል «ሰውዬው ያዘነ ይመስላል» አለ። ውድነሽ ግን «ጥፋተኛም እንደዚያ ነው የሚመስለው» አለች። ደብተራችንን የሚይዙት የእጅ ጽሑፋችንን ለመስጠት ነው ብላ ደመደመች። በዚያ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከተገኘ የማን እጅ እንደጻፈው ይፈለግ ነበር። ነገሩ ከአእምሮ የራቀ አልነበረም።

እኔ ዝም ብዬ ነበር የምሰማት። ኋላ ግን በዓይኔ አየሁ። ቀበሌ ሱቅ የሳሙና ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ጋሽ ደምሴ አጠገቡ ባለው የቀበሌው ቢሮ መስኮት የታጠፈ ወረቀት አቀበሉ። ከውስጥ የተቀበላቸው ሰው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ደምሴ» አላቸው። እሳቸው ወደ ሰልፉ ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተያየን። ሰላም አሉኝ፤ ሰላም አልኳቸው። ሳሙናዬን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ለውድነሽ አልነገርኳትም።

በሚቀጥለው ዓርብ ደብተር ሲሰበሰብ የእኔን ነጠላዬ ሥር ከተትኩት። ሦስተኛ ደብተር አድርጌ የሰጠኋቸው ተመሳሳይ ሽፋን ያለው ባዶ ደብተር ነበር። ሳያዩ ቆለፉበት። ቤት ስደርስ አረንጓዴውን ከፍራሼ ሥር ሸሸግሁት። ጽሑፌ ቤቴ ገባ ብዬ ያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ሰኞ ሬዲዮ የአንድን ኮሚሽን ምክትል ኃላፊ ስም ሲጠራ አዲስ ስም ነበር። ቀድሞ የነበረው ምን ሆነ፣ አልተባለም። ሬዲዮ ሄደ፣ ቀረ፣ ከዳ አይልም፤ ሌላ ስም ይጠራል፣ በቃ። እኔም ልብ አላልኩትም።

ማክሰኞ ከማል ቀረ። ጋሽ ደምሴ ሳጥኑን ከፍተው ደብተሮቹን አወጡ፤ ሦስተኛውን ገለበጡት፣ ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱት። እንደዚያ ቀን ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም።

«አረንጓዴው የት ነው?»

መዶሻው እየመታ ነበር።

«ከማል ሳያውቅ ይዞት ሄዶ ይሆናላ» አለች ውድነሽ።

ጋሽ ደምሴ እኔን አዩኝ። «የወሰደው ሰው ዛሬውኑ ያምጣው» አሉ። «አልቆጣም። ለምን ብዬም አልጠይቅም። ግን ዛሬ። ነገ አይደለም።»

መመለስ እችል ነበር። ቤቴ ከእሳቸው ቤት አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ግን ያ ችኮላቸው ጥርጣሬዬን አጸናልኝ። ለራሴ ያልኩት ይኼን ነው፤ የእኔ ጽሑፍ ይህን ያህል ለምን አስፈለጋቸው? ለማን ሊያደርሱ ቀጠሮ አላቸው? ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ረቡዕ ጠዋት የቀበሌ ጠባቂዎች ቤት ለቤት ፍተሻ ወጡ። የሚፈልጉት ሳይመዘገብ የሚያድር እንግዳ ነበር። እኛ ቤት እንግዳ የለም። ፍራሹን ግን አነሡ። ደብተር ጠረጴዛ ላይ ቢያገኙ አይነኩትም ነበር፤ ፍራሽ ሥር የተገኘ ደብተር ግን ይነበባል።

ከደብተሩ ጋር ቀበሌ ወሰዱኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ያልተቆጣ፣ የደከመው ሰው ነበር። ደብተሩን ከፍቶ ጣቱን ከአንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ።»

«ይኼን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«የኮሚሽኑ ምክትል ኃላፊ ናቸው።»

«ናቸው?» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የሰኞው ዜና፣ አዲሱ ስም፣ በምላጭ የሚቆረጡት ገጾች፣ «ዛሬ እንጂ ነገ አይደለም» ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ።

«ውጭ አገር ተልኮ እዚያው የቀረ ከሐዲ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «የከሐዲ ስም ፍራሽ ሥር ሸሽገሽ ምን ትሠሪበታለሽ?»

«ለፈተና ነው።»

«ማን አስጻፈሽ?»

አልመታኝም። አልጮኸብኝም። ጠባቂውን ልኮ ውሃ አስመጥቶልኝ ነበር። «ጋሽ ደምሴ» አልኩ። ደብተሮቻችንን እንደሚሰበስቡና ገጽ እንደሚቆርጡም ጨምሬ ነገርኩት። ይኼን ማንም አልጠየቀኝም። የእነሱ ሰው ከሆኑ ስማቸውን መጥራቴ ያስለቅቀኛል ብዬ ነበር። ካልሆኑስ? እዚያ ድረስ አላሰብኩም።

«የጥናት ክበቡ ደምሴ?» አለና ከመሳቢያው አንድ ፋይል አወጣ። በመስኮት ሲያቀብሉ ያየሁት ዓይነት የታጠፉ ወረቀቶች አሉበት። የሦስታችን ስም፣ ቀኑ፣ «ተገኝተዋል» የሚል ቃል፣ ፊርማ። ሰው ለመሰብሰብ ቀበሌው የፈቀደላቸው በየሳምንቱ ማን እንደመጣ እንዲያሳውቁ ግዴታ አስገብቶ ነው። ያየሁት ከላይ ያሉትን ወረቀቶች ነው። ከሥር ያሉት ምን እንደሚሉ ያን ጊዜም አላየሁም፣ ዛሬም አላውቅም። ስለ እሳቸው ስጽፍ ይኼን መተው የለብኝም።

ጋሽ ደምሴን አመጧቸው። ሻርፓቸውን አድርገዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር አዩ፤ ክሩን አዩ። ወደ እኔ አልዞሩም።

«ያስጻፍኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጅቷ ያልኳትን ነው የጻፈችው። ስሙ የማን እንደሆነ እንኳን አታውቅም። ደብተሩንም ቤትሽ ወስደሽ አጥኚ ያልኳት እኔ ነኝ።»

እኔ ከቀትር በፊት ተለቀቅሁ። እሳቸው ግን እዚያው ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ ውድነሽ እያለከለከች መጣች። «ሰማሽ? ጋሽ ደምሴን ያዟቸው! አላልኩሽም? ከማል ነው! ማክሰኞ የት ነበር? ደብተሩን ይዞ በቀጥታ ቀበሌ ሄዶ ነዋ!»

«ራሳቸው ናቸው የቀበሌ ሰው ስትዪ አልነበረም እንዴ?»

«እሱማ ተሳስቼ ነው። የራሳቸውን ሰው ያስሩታል እንዴ? አንቺ ደግሞ የዋህ ነሽ፣ ጥሩወርቅ።»

በአንድ ቀን ጥርጣሬዋን ከጋሽ ደምሴ ላይ አንሥታ ከማል ላይ አሳረፈችው። እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ያንን ዝምታ ማራዘም ብቻ ነው።

ከማል ዓርብ መጣ። ማክሰኞ የቀረው አባቱ ታመውበት ነበር። በሩ ታሽጎ ሲያይ ደነገጠ። «ምን ሆነው ነው?»

«አንተ ጠይቀኸን!» አለችው ውድነሽ። «ምን ረስተህ መጣህ? የቀሩትን ሁለት ደብተሮች?»

«ምን ትላለች?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

እኔ ቀጥቃጩን አየሁ። የእጅ ማጠቢያ ሣህን እየሠራ ነበር።

ፈተናውን ተፈተንኩ። ጠዋት አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሬዲዮ ሰማሁ። ስለዚያ ኮሚሽን ጥያቄ መጣ፤ መጀመሪያ ሥልጣኑን ጻፍኩ፣ ቀጥዬ የዚያን ጠዋት ስም። አለፍኩ። ውድነሽም አለፈች። ከማል «ከእንግዲህ ስሜ ማንም ዝርዝር ላይ አይገባም» ብሎ ሳይፈተን ቀረና አባቱ ሱቅ ገባ። ሰፈሩ ውስጥ ወሬው ዞረ። ሰው ሲያየው ጨዋታ ያቆማል። ዘመኑ ሲያልፍ ብዙ ነገር ተረሳ፤ ይኼ ግን አልተረሳም። እኔ ጨርቅ ስፈልግ ሌላ ቦታ እገዛ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ከዘጠኝ ወር በኋላ ተለቀቁ። ቀጥቃጩ በር ላይ ተገናኘን። ሻርፑ አንገታቸው ላይ አልነበረም።

«ፈተናው?» አሉኝ።

«አለፍኩ፣ ጋሼ።»

«የኮሚሽኑን ሰው ማን ብለሽ ጻፍሽ?»

ነገርኳቸው።

«ጠዋት ሰምተሽ ነበር ማለት ነው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከማልስ?»

«አልተፈተነም።»

«ለምን?»

መዶሻው እየመታ ነበር፤ እሳቸው የሚናገሩበት ሰዓት ነው። ጠበቁ። እኔ ምንም ሳልል ሲቀር «ደህና ዋይ» ብለውኝ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ረዥም ዘመን ኖሩ። ማንንም አስጠንተው አያውቁም። በየዓመት በዓሉ ድፎ ዳቦ እልክላቸው ነበር፤ ራሴ አልወስድም። ከማል ግን ዓርብ ዓርብ ከስግደት በኋላ ይጠይቃቸዋል። ውድነሽ «ኅሊናው ነው የሚያመጣው» ትላለች። ጋሽ ደምሴ ነግረውት እንደሆነ ሁልጊዜ እጠረጥር ነበር። መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቱን አየዋለሁ፤ የሚያውቅ ሰው ፊት መሆኑን መለየት አልቻልኩም።

ቀብሩ አልቆ ሰው ወደ ድንኳኑ ማምራት ሲጀምር ሰብለ ወደ እኛ መጣች። ከፌስታሉ ሁለት ያረጁ ደብተሮች አወጣች።

«ለተማሪዎቼ ስጪልኝ ብለውኝ ነበር። ቀዩ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ የኔ ልጅ» አለች ውድነሽ። ገልጣ አየችው፤ ባዶ ገጾች ይበዙታል። «ወይ ጋሽ ደምሴ!»

«ጥቁሩስ?»

«የዚያ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ነው» አለች ውድነሽ።

ሰብለ በእጇ ጠራችው። ከማል መጣ፣ ደብተሩን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አልከፈተውም።

«አንድ ይጎድላል» አለች ሰብለ። «አረንጓዴ ክር ያለው። የማን እንደሆነ ብጠይቃቸው ‹ባለቤቱ ያውቃል› አሉኝ። ማን እንደወሰደው ታውቃላችሁ?»

«የጥሩወርቅ ነው እንጂ ደብተሩስ» አለች ውድነሽ። «ማን እንደወሰደው ደግሞ ይኼው፣ አጠገብሽ ቆሞልሻል። ጠይቂው እስቲ፤ ዛሬ እንኳን በእሳቸው መቃብር ላይ ይናገር።»

ከማል ውድነሽን አላያትም። እኔን አየኝ፤ ያን ዓርብ የታሸገው በር ላይ እንዳየኝ። ሰብለም ዓይኑን ተከትላ ወደ እኔ ዞረች።

ክንዴን ከውድነሽ እጅ አላቀቅሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩና በታችኛው በር ወጣሁ።